በዩኒቨርሲቲ ከተማ ቤት መከራየት፦ ወደ አን አርበር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፤ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። የመግቢያ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ፣ የቪዛውንም ጉዳይ ጨርሳችሁ ወይም ልትጨርሱ ተቃርባችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁት ከብዙ ድካም በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ትምህርቱ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም፤ እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ግን ስለ ማደሪያችሁ ነው። ርእሱ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ በአን አርበር ከተማ በተማርሁባቸው ዓመታት፣ ከአገራችን የሚመጡ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ሴሚስተር ከፈተናው ይልቅ እንቅልፍ ሲነሣቸው ያየሁት የቤት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ዋናውን ምክሬን ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፦ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ያላያችሁትን ቤት ለዓመት አትፈርሙ። የመጀመሪያዎቹን ወራት በዩኒቨርሲቲው ቤት፣ ወይም ሌላ ተከራይ ለአጭር ጊዜ በሚያስተላልፈው ክፍል አሳልፉና፣ የዓመቱን ውል ከተማውን በእግራችሁ ከዞራችሁት በኋላ ፈርሙ። ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የከተማውን አሠራር መግለጽ ይኖርብኛል፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1817 በዲትሮይት ተመሥርቶ በ1837 ወደ አን አርበር የተዛወረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከተማዋና ዩኒቨርሲቲው አብረው አድገዋል። ከመካከላችሁ ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጣችሁ፣ ሁለቱ ተቋማት ለዓመታት አብረው ስለሠሩ ስሙን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ123 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ በብዛት የሚሰጠው ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለሆነ፣ የቀሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት በግል ቤቶች ይበተናሉ፤ ቤቶቹም ወይ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት የማያንስ፣ በየክፍሉ ተከፋፍለው የሚከራዩ የእንጨት ቤቶች፣ ወይ በቅርብ ዓመታት በካምፓሱ ዙሪያ የተሠሩ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው ቤት የሚፈልገው በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

አዲስ አበባ ላይ አንዱ በጥቅምት ይለቃል፣ ሌላው በየካቲት ይገባል፤ ደላላውም በየሳምንቱ የሚያሳየው ቤት አያጣም። አን አርበር ላይ ግን ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት የመጨረሻ ቀናት ስለሆነ፣ የካምፓሱ አካባቢ ውል አብዛኛው በኦገስት መጨረሻ ጀምሮ በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት አጋማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ ያልቃል። በአሮጌው ውል ማለቂያና በአዲሱ መጀመሪያ መካከል አከራዩ ቤቱን የሚያጸዳበትና ቀለም የሚቀባበት ጥቂት ቀን አለ፤ በእነዚያ ቀናት ነባሮቹ ተማሪዎች እንኳ ፍራሻቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ዕቃቸውን ጓደኛ ጋር አስቀምጠው ማደሪያ ሲፈልጉ ታያላችሁ። ለእናንተ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በኤፍ-1 ቪዛ የሚገባ ተማሪ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መግባት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ትኬት የምትቆርጡት ለኦገስት መጀመሪያ ይሆናል፤ የምትከራዩት ቤት ግን ቁልፉ የሚሰጠው በወሩ መጨረሻ ነው። በመካከሉ ያሉትን ሳምንታት የት እንደምታድሩ ሳታውቁ ትኬት አትቁረጡ።

የውሉ መፈረሚያ ጊዜም ለአዲስ መጪ የሚመች አይደለም። ቀድሞ ተማሪዎች ገብተው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲፈርሙ ይገፋፉ ነበር። በ2021 የከተማው ምክር ቤት ደንቡን አሻሽሎ፣ ነባሩ ውል ሊያልቅ 150 ቀን እስኪቀረው ድረስ አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው እንዳያሳይና እንዳያዋውል ከለከለ፤ ውሉ በኦገስት ሦስተኛ ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ይህ ቀን ማርች መጨረሻ አካባቢ ይውላል። አንዳንድ አከራዮች የተጠባባቂ ዝርዝር እያሉ፣ ለዝርዝሩም ገንዘብ እየተቀበሉ ደንቡን ለማለፍ መሞከራቸው አልቀረም። እንግዲህ አስቡት፤ የድኅረ ምረቃ አመልካች ለተሰጠው ድጎማ መልስ የሚሰጥበት የተለመደው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። እናንተ «እመጣለሁ» ብላችሁ ስትጽፉ ለካምፓስ የቀረበውና ዋጋው የሚቻለው ቤት ባለቤት አግኝቷል። በጁን እና በጁላይ ከሩቅ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ፊት የሚቀርበው በአመዛኙ ሌሎች አይተው የተዉት ቤት ነው። ከተማው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰዓቱ ስላለፈ ነው፤ ያለፈ ሰዓት ላይ የዓመት ውል መፈረም ደግሞ ከሁሉ ውዱ ግዢ ነው።

ታዲያ የት ይታደራል? የመጀመሪያው ምርጫ በኖርዝ ካምፓስ የሚገኙት የዩኒቨርሲቲው የኖርዝውድ አፓርታማዎች ናቸው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ቤተሰብ ያላቸው የሚገቡባቸው ናቸው፤ ውሃው፣ ማሞቂያውና ኢንተርኔቱ ከኪራዩ ጋር ስለሚታሰብ በወሩ መጨረሻ የሚያስደነግጥ ሂሳብ አይመጣም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላየሁም። በ2015 የተከፈተው መንገር የሚባለው የድኅረ ምረቃ ማደሪያ ከማዕከላዊው ካምፓስ አጠገብ ነው፤ ነገር ግን ስድስትና ሰባት ሰው አንድ ሳሎንና ማድ ቤት የሚጋራበት፣ የአብዛኛው መኝታ ክፍል መስኮት የሌለው ሕንፃ ስለሆነ፣ የክረምቱን ጨለማ አስባችሁ ወስኑ። ሦስተኛው ብዙ የአገራችን ሰው የማያውቀው ነው፦ ኢንተር ኮኦፐሬቲቭ ካውንስል የሚባል፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ የተማሪዎች የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር። ቤቶቹ የአባላቱ ናቸው፤ አባሉ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ያበስላል፣ ያጸዳል ወይም ይጠግናል፤ ክፍያውም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ምግብም አብሮ የሚታሰብባቸው አሉ። ከብዙ ሰው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ለለመደ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ብቸኝነት የሚያቀልል ይመስለኛል።

አራተኛው በዚያ አገር ሳብሌት የሚሉት ነው። የዓመት ውል የያዘ ተማሪ ለምርምር ወይም ለልምምድ ሌላ አገር ሲሄድ፣ ውሉ በስሙ እንዳለ ክፍሉን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። የበጋው፣ ከሜይ እስከ ኦገስት ያለው፣ በጣም ርካሽ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሄድ ፈላጊው ያንሳል። ለእናንተ የሚሆነው ግን ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ያለው፣ ወይም በጃንዋሪ የሚጀምረው ነው፤ ቁጥሩ ያንሳል፣ ግን አለ፤ የምትገቡበት ትምህርት ክፍል ነባር ተማሪዎች ጋር ብትጽፉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነው። አከራዩ መተላለፉን በጽሑፍ መፍቀዱን ሳታዩ ግን ገንዘብ አትስጡ፤ አከራዩ የማያውቀው ተከራይ በማናቸውም ቀን ውጣ ሊባል ይችላል።

ስለ ማጭበርበር ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ገና ባልሄደ ሰው ላይ ነውና። አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለሽያጭ የቀረበ ቤት ፎቶ ከድረ ገጽ ይወሰዳል፤ ከአካባቢው ዋጋ ዝቅ ያለ ኪራይ ይጻፍበታል፤ «ባለቤት ነኝ» የሚለው ሰው ለሥራ ወይም ለወንጌል አገልግሎት ከአገር ወጥቻለሁ ይላል፤ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ሌሎች ፈላጊዎች ስላሉ የመጀመሪያውን ወርና ማስያዣውን፣ ማለትም ቤቱ ቢጎዳ መያዣ የሚሆነውን ገንዘብ፣ ዛሬ ላኩ ይላል። አንዲት የማውቃት ተማሪ ከዘመድ ተበድራ፣ የውጭ ምንዛሪውን በስንት መከራ አግኝታ የላከችው ገንዘብ ለዚህ ዓይነት ሰው ሄዶ፣ በአድራሻው ስትደርስ በሩን የከፈቱላት ቤታቸውን ለማንም አከራይተው የማያውቁ አዛውንት ነበሩ። ይህ በእናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ስለዚህ በገንዘብ ማስተላለፊያ፣ በስጦታ ካርድ ወይም ከተላከ በማይመለስ የስልክ ክፍያ ቀብድ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥማችሁ ወዲያው ተዉት። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከከተማው የንብረት ግብር መዝገብ ይታያል፤ መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው። በቪዲዮ የሚያሳያችሁ ሰው ካለም የተቀዳ ምስል አትቀበሉ፤ በቀጥታ ደውሎ ከመንገዱ ስም ምልክት ጀምሮ እስከ መኝታ ክፍሉ ይሂድ፤ ሙቅ ውሃውን እንዲከፍት፣ መስኮቱን እንዲዘጋ ጠይቁት። እውነተኛ አከራይ በዚህ አይቆጣም።

ቤቱን በአካል ማየት ስትጀምሩ የምትመዝኑት ኪራዩን ብቻ አይሁን። ጃንዋሪ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶ ሳምንታት ይቆያል። አሮጌ የእንጨት ቤት፣ ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት፣ ማሞቂያው ደግሞ በተከራዩ ሂሳብ ከሆነ፣ በኦገስት ርካሽ የመሰለው ቤት በፌብሩዋሪ ውድ ይሆናል። መብራቱንም ጋዙንም ለከተማው የሚያቀርበው ዲቲኢ ኢነርጂ ነው፤ ቤቱን ስታዩ የሚለቀውን ተከራይ የጃንዋሪ ሂሳቡን እንዲያሳያችሁ ለምኑት፤ ብዙዎች ያሳያሉ። እጃችሁን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጉ፤ በበጋም ቢሆን ነፋስ የሚያስገባ ክፈፍ ይታወቃል። ምድር ቤት ያለ ክፍል ከሆነ ግድግዳውን ከታች በኩል ተመልከቱ፣ የእርጥበት ሽታም ካለ አሽትቱ፤ አዲስ ቀለም የተቀባው የግድግዳው የታችኛው ክፍል ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ።

ርቀቱም እንደዚሁ ነው። ኖርዝ ካምፓስ ከማዕከላዊው ካምፓስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የዩኒቨርሲቲው ሰማያዊ አውቶቡስ በነፃ ያገናኛቸዋል፤ በከተማው አውቶቡስም የዩኒቨርሲቲው ተማሪ መታወቂያውን አሳይቶ ሳይከፍል ይሳፈራል። ስለዚህ በካርታ የራቀ ቤት አውቶቡስ መስመር ላይ ከሆነ ቅርብ ነው፤ በካርታ የቀረበ ቤት ደግሞ ከምሽት በኋላ አውቶቡስ የማያልፍበት ከሆነ፣ ላቦራቶሪ ለሚያመሽ ሰው ሩቅ ነው። ከከተማው በስተ ምሥራቅ ያለችው ኢፕሲላንቲ ኪራይዋ ይቀንሳል፤ በዋሽተናው ጎዳና የሚሄደው የአራት ቁጥር አውቶቡስ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል፤ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከማንም ምክር ይልቅ ይህን መስመር አንድ ጠዋት ተሳፍራችሁ ሰዓቱን ለኩት። አንድ ነገር በማለፍ ልጨምር፦ ከ107 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ በሚያስተናግድበት ቅዳሜ ቤት ለማየት ቀጠሮ አትያዙ፤ መንገዱም አውቶቡሱም ለሌላ ጉዳይ አይሆንም።

ወደ ውሉ ልምጣ። በአገራችን፣ በራሳችን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሚሺጋን ሕግ ለተከራዩ የጊዜ ዋስትና ብዙም አይሰጥም፤ በማስያዣው ገንዘብ ላይ ግን ጥብቅ ነው፤ በ1972 በወጣው የክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ማስያዣ ከአንድ ወር ተኩል ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። ኪራዩ 1,200 ዶላር ከሆነ ማስያዣው ከ1,800 ዶላር አያልፍም ማለት ነው። ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ደግሞ ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው የኪራይ ጊዜ በቀር አከራዩ በግዴታ አስቀድሞ የሚጠይቀው ኪራይም እንደ ማስያዣ ይቆጠራል። የክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል፣ ታሪክ የላችሁም፣ አሜሪካ ውስጥ ዋስ የሚሆናችሁ ሰው የለም ተብላችሁ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ክፈሉ ስትባሉ፣ ይህን ሕግ በአክብሮት ጥቀሱ። በምትኩ የረዳት መምህርነት ወይም የረዳት ተመራማሪነት ደብዳቤያችሁን ደመወዙ ተጽፎበት አቅርቡ፤ ብዙ አከራዮች ይቀበሉታል። የመጀመሪያው ደመወዝ ግን እስኪገባ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ማስያዣውን የሚሸፍን ገንዘብ በእጃችሁ ይኑር።

ደባል ሆናችሁ የምትገቡ ከሆነ አንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። በጋራ የሚፈረም ውል ተከራዮቹን አብዛኛውን ጊዜ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርጋቸዋል። አራት ሆናችሁ በ3,600 ዶላር ቤት ብትይዙና አንዱ በዲሴምበር ትምህርቱን ትቶ ቢሄድ፣ አከራዩ የሦስታችሁን 2,700 ዶላር ተቀብሎ ዝም የማለት ግዴታ የለበትም፤ ሙሉውን ከሦስታችሁ፣ ወይም ከአንዳችሁ ብቻ እንኳ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከማታውቁት ሰው ጋር ቤት ከምትይዙ በየክፍሉ ለየብቻ የሚፈረምበትን ውል ምረጡ፤ ትልልቆቹ አዳዲስ ፎቆች እንደዚህ ያዋውላሉ። ከምታውቁት ሰው ጋር ከሆነም፣ ይሉኝታ ሳይዛችሁ፣ ማን ምን ያህል እንደሚከፍልና የሚለቅ ሰው ተተኪ እንደሚያመጣ በመካከላችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ፍቅርን የሚያበላሸው ወረቀቱ ሳይሆን በፌብሩዋሪ የሚመጣው ያልተጻፈ ዕዳ ነው።

ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲው ለተመዘገቡ ተማሪዎች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አለው፤ ጠበቆቹ የኪራይ ውል ያነባሉ፣ አንቀጽ በአንቀጽም ያስረዳሉ። አከራዩ ራሱ የተከራዮችን መብትና ግዴታ የሚዘረዝር የከተማውን መጽሐፍ እንዲሰጣችሁ የከተማው ሕግ ያስገድደዋል፤ ካልሰጣችሁ ጠይቁት። እነዚህ መብቶች ለዚያች ከተማ ከሰማይ አልወረዱላትም። በ1969 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ተደራጅተው በኪራዩ ውድነትና በቤቶቹ ይዞታ ምክንያት ኪራይ አንከፍልም ብለው ነበር፤ ዛሬ ጥያቄ ስታቀርቡ ተከራይን መስማት የለመደ ከተማ ውስጥ ናችሁ።

ቁልፍ በምትረከቡበት ቀን ሁለት ቅጂ የሆነ የቤቱ ሁኔታ መመዝገቢያ ቅጽ ይሰጣችኋል። ሞልታችሁ የምትመልሱበት ጊዜ 7 ቀን ነው፤ ደክሟችሁ የመጣችሁ ብትሆኑም በዚያው ሳምንት ሥሩት። ከበሩ ጀምሩ፤ መቆለፊያው ይሠራል ወይ? የወለሉን እንጨት ጭረት፣ የምንጣፉን እድፍ፣ የመስኮቱን መረብ ቀዳዳ ጻፉ። ምድጃውን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ አራቱንም ማብሰያ አንድ በአንድ ለኩሱ። ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የትኩስ ድስት ጠባሳ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ቦታውን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት «ይህን ያቃጠላችሁት እናንተ ናችሁ» ከመባል የሚያድናችሁ ያ መስመር ነው። የሽንት ቤቱን ውሃ ለቅቃችሁ ተመልሶ እስኪሞላ ጠብቁ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ። ቅጹ ላይ ቦታው ካለቀ ተጨማሪ ወረቀት አያይዙ፤ አንዱን ቅጂ አስፈርማችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ሲወጣ የተሞላውን ቅጽ መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ አከራዩ በእርሱ ላይ ምን እንዳስከፈለ ስለሚያሳይ፣ የተከፈለበት ጉዳት መጠገኑን ወይም አለመጠገኑን ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ የመውጫው ነገር። ቤቱን ከለቀቃችሁ በ4 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ለአከራዩ መስጠት አለባችሁ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሕጉ የሚሰጠውን ጥበቃ በአብዛኛው ያጣል። አከራዩ ከማስያዣው የሚቀንሰው ካለ በ30 ቀን ውስጥ ጉዳቱን በዝርዝር ከነዋጋው ይልካል፤ ካልላከ ጉዳት የለም እንዳለ ተቆጥሮ ገንዘቡን ሙሉ ይመልሳል። ዝርዝሩ ሲደርሳችሁ የማትስማሙበትን በ7 ቀን ውስጥ በፖስታ መልስ መስጠት የእናንተ ፈንታ ነው፤ በተለመደ አኗኗር የመጣ እርጅና፣ ለምሳሌ በፀሐይ የደበዘዘ ቀለም፣ ከማስያዣው አይቀነስም። ከእናንተ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ አገር ቤት ስለሚመለሱ፣ አዲስ አበባ ያለውን አድራሻ ብቻ ጽፈው ይሄዳሉ፤ በዶላር የተጻፈ ቼክ እዚህ ደርሶ ወደ ገንዘብ እስኪለወጥ ግን ብዙ ያንገላታል፣ የአከራዩ ዝርዝርም በፖስታው መንገድ ላይ ይዘገያል። ስለዚህ የምታምኑትን፣ በአሜሪካ የሚቆይ ሰው አድራሻ ስጡ፤ ደብዳቤ ሲመጣ ከፍቶ በዚያው ቀን ፎቶውን እንዲልክላችሁ ተስማሙ፤ የባንክ ሂሳባችሁንም ማስያዣው እስኪገባ ድረስ አትዝጉት።